«ጆሮዬ ጮኸ፤ ማን ይሆን የሚያማኝ?»

ጆሮ ሲጮህ እኛ ሀገር የመጀመሪያው ምርመራ የሚካሄደው ሐኪም ቤት ውስጥ አይደለም። «ጭው አለብኝ፤ ማን ይሆን የሚያማኝ?» ይባልና የተጠርጣሪዎች ስም ዝርዝር ይወጣል። የቢሮ ባልደረባ፣ የድሮ ፍቅረኛ፣ ብድር የተከለከለ ዘመድ፣ በዕቁብ የተኮራረፉት ጎረቤት። ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ፋይሉም ይዘጋል።

ከዚህ ቀልድ ጋር ጠብ የለንም። ለጥቂት ሰከንድ መጥቶ የሚጠፋ ጩኸት ጤነኛ ሰው ላይም የሚደርስ ነውና፣ ማንንም ብንጠረጥርበት ጉዳቱ ከኩርፊያ አያልፍም። ጠባችን ከሌላኛው ጩኸት ጋር ነው። ማታ ትራስ ላይ ጋደም ሲሉ ከሚጎላው፣ ጠዋት ሲነሱም እዚያው ከሚጠብቀው፣ ሳምንት አልፎ ወር ከሚሞላው። እንዲህ ያለውን ድምፅ ሐሜተኛ ላይ ማላከክ አይቻልም። የትኛውም ሐሜተኛ ይህን ያህል ትጋት የለውም።

ታዲያ ይህ ድምፅ ሲመጣ ሁለት መልሶች ይጠብቁታል። አንደኛው «ይተውሃል፣ ዝም በለው» ነው። ሁለተኛው «መድኃኒት የለውም፣ ልመደው» ነው። የመጀመሪያው ከጓደኛ ይመጣል፤ ሁለተኛው አንዳንዴ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው። ሁለቱም መልሶች አንድ ጥያቄ ዘለዋል፤ «ለምን ጮኸ?» የሚለውን። እኛ ዛሬ የምንከራከረው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ሐኪሞች ይህን ነገር «ቲኒተስ» ይሉታል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ማቃጨል» ከሚል ግሥ የተወለደ ነው። ውጭ ምንም ድምፅ ሳይኖር ጆሮ ወይም ጭንቅላት ውስጥ የሚሰማ ፉጨት፣ ጭውታ፣ ሽሽታ ወይም እንደ ንብ ያለ እምምታ ነው። አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይሰመርበት፤ ቲኒተስ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። እንደ ትኩሳት ማለት ነው። ትኩሳት ያለበትን ሰው «ትኩሳትህን ልመደው» የሚለው የለም፤ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ጉንፋን ነው ተብሎ ይመረመራል። ጆሮ ላይ ሲደርስ ለምን ጆሮ ዳባ ልበስ እንደምንል አይገባንም።

ችግሩ የጥቂት ሰዎች ነው የሚል ካለ ቁጥሩ ይህንን ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ጃማ ኒውሮሎጂ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ፣ በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች የጆሮ ጩኸት እንደሚሰማቸውና ከእነሱ ውስጥ ከ120 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ጩኸቱ ብርቱ ችግር እንደሆነባቸው ገምቷል። የኢትዮጵያን ሕዝብ የሚያህል ሰው ማለት ነው፤ ሌሊት ጣራ ጣራ እያየ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ቀንድ አውጣ የመሰለች ትንሽ ጥምዝ አካል አለች። እሷ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተሰልፈዋል። ድምፅ ሲመጣ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜውን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጡና ወደ አንጎል ይልኩታል። እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ አይተኩም። ዶሮ የሞተባትን እንደገና ታበቅላለች። ሰው ግን ከእናቱ ሆድ ይዞት በወጣው ብቻ ነው የሚኖረው።

ሕዋሳቱ ሲጎዱ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይቀንሳል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ማብራሪያ እንዲህ ነው። አንጎል የጎደለበትን ድምፅ ፍለጋ የራሱን ማጉያ ከፍ ያደርጋል። ከከተማ ርቀን ራዲዮ ስንከፍት ጣቢያው ይደክምብናል፤ ድምፁን ከፍ ስናደርገው ደግሞ ከጣቢያው ይልቅ ሽሽታው ይጮሃል አይደል? እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጩኸቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከጆሮ ቢሆንም የሚሰማው አንጎል ውስጥ ነው። «ውሸትህን ነው፣ ምንም አይሰማም» የሚባለው ሰው ውሸታም አይደለም። አብዷል ማለትም አይደለም። ፉጨትና ጭውታ የሚሰማው ሰው ጉዳይ የጆሮና የነርቭ ጉዳይ ነው፤ የሚያናግር፣ የሚያዝ የሰው ድምፅ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ሐኪም የሚያየው ሌላ ጉዳይ ነው።

በነገራችን ላይ ፍጹም ጸጥታ ራሱ ይጮሃል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለር እና በርግማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የመስማት ችግር የሌለባቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማይገባበት ክፍል አስቀምጠው የሚሰሙትን እንዲጽፉ ጠየቋቸው። ከመቶ 94ቱ ምንም ድምፅ በሌለበት ድምፅ ሰማን ብለዋል። የራዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ በሩን ዘግቶ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ይህንን አሳምሮ ያውቀዋል። ነገሩ ሰውን ማስፈራራት እንዳይሆን ነው ይህን የምናነሳው፤ ጭው ያለ ጆሮ ሁሉ የታመመ ጆሮ አይደለም።

የተጠርጣሪዎች ትክክለኛ ዝርዝር

እንግዲህ ስም ዝርዝር ማውጣት ከወደድን ትክክለኛውን እናውጣ።

አንደኛው ተጠርጣሪ በጣም ተራ ነው፤ ኩክ። የጆሮ ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ ጆሮን የሚጠብቅ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ የሚወጣ ቅባት ነው። እኛ ግን አናስወጣውም። በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር መቆንጠጫ፣ በእስክሪብቶ ክዳን፣ በቁልፍ፣ «ሰለጠንን» ስንል ደግሞ በጥጥ እንጨት ወደ ውስጥ እንጠቀጥቀዋለን። ተጠቅጥቆ ሲደርቅ ጆሮ ይደፈናል፣ ይጮሃል። ይህ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ በጥቂት ደቂቃ የሚፈታ ችግር ነው። ክብሪቱ የጆሮ ታምቡር ከበሳ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛው የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ነው። ልጅ ሆኖ ጆሮው ይመግል የነበረ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ የታለፈ ልጅ በየሰፈሩ አለ። የተበሳ ታምቡርና የተጎዱ የጆሮ ትንንሽ አጥንቶች ካደጉ በኋላም መስማትን ይቀንሳሉ፣ ጩኸትም ያመጣሉ።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። አያቶቻችን «ጆሮዬ ይጮሃል» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ መስማታቸው መቀነሱን እየነገሩን ነው።

አራተኛው የኛ የወጣቶቹ ነው፤ ጫጫታ። ወደሱ እንመለሳለን።

አምስተኛው መድኃኒት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ኪኒን» የምንለው ቃል ራሱ የመጣው ከኪኒን ነው፤ ማለትም የወባ መድኃኒት ከሆነው ከክዊኒን። የዚህ መድኃኒት በጣም የታወቀው የጎንዮሽ ጉዳት ደግሞ የጆሮ ጩኸት ነው። በሌላ አነጋገር በአማርኛ ለእንክብል ሁሉ ስም የሆነው መድኃኒት ጆሮ የሚያስጮህ ነበር። ዝርዝሩ በእሱ አያበቃም። በብዛት የተወሰደ አስፕሪን ጆሮ ያስጮሃል፤ ይህኛው መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ፍሮሴማይድ የተባለው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ በተለይ መጠኑ ሲበዛ፣ ያስጮሃል። እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ የመርፌ መድኃኒቶችና ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን ግን እነዚያን የማይተኩ ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ፤ የገደሉትም አይመለስም።

መድኃኒት የተለማመደውን የቲቢ በሽታ ለማከም ሕሙማን ለወራት ካናማይሲን ይወጉ ነበር፤ ከቲቢ ድነው መስማታቸውን ያጡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ለዚህ ሕክምና እንዳይውሉ መክሯል፤ አሁን በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ቦታቸውን ይዘዋል። ይህ እንግዲህ ጩኸቱን የሰማ ሲገኝ ምን እንደሚለወጥ ያሳያል።

አደራ፤ ይህን ያነበበ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ጊዜ እንዳያቋርጥ። ማቋረጥ ሳይሆን መናገር ነው የሚያስፈልገው። «ይህን መርፌ ከጀመርኩ ጀምሮ ጆሮዬ ይጮሃል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ለሐኪም ትልቅ መረጃ ናት።

ስድስተኛው የደም ነገር ነው። ጩኸቱ ፉጨት ሳይሆን ከልብ ምት ጋር አብሮ «ዱብ ዱብ» የሚል ከሆነ ጆሮ የራሱን የደም ዝውውር እየሰማ ነው። የደም ማነስ፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ፣ የደም ግፊት ወይም የደም ሥር ችግር ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሁሉ የሚመረመሩ፣ አብዛኞቹም የሚታከሙ ናቸው።

ከዚህ ሌላ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ችግር፣ የጭንቅላትና የአንገት ጉዳት፣ የማጅራት ገትር ጠባሳ፣ የመሃል ጆሮዋ ትንሿ አጥንት መድረቅ፣ ከኃይለኛ ማዞር ጋር እየመጣ የሚሄደው የሜኒየር በሽታ፣ አልፎ አልፎም በመስሚያ ነርቭ ላይ የሚበቅል ካንሰር ያልሆነ ዕጢ አለ። የመጨረሻው እምብዛም የማይገኝ ቢሆንም ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሆን ሐኪሞች የሚያስቡት አንዱ ምክንያት ነው። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ያለውን ጩኸት ያጎሉታል፤ ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ጩኸቱን ያብሳል፤ እንዲህ እየተሽከረከረ ሰውን ያደክማል።

የኛ ድርሻ፤ ጫጫታ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ከሆኑ ወጣቶች መካከል ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በሙዚቃና በመዝናኛ ድምፅ ብቻ መስማታቸው አደጋ ላይ ነው ይላል። ልኩንም ያስቀምጣል። 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፤ 90 ዴሲቤል በሳምንት አራት ሰዓት፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ ግን በሳምንት 20 ደቂቃ። ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም፤ ሦስት በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል።

ዴሲቤል መለኪያ የለንም ለምትሉ ቀላል ሚዛን አለ። በክንድ ርቀት ላይ ያለን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለጋችሁ ቦታው ለጆሮ አደገኛ ነው። እስቲ በዚህ ሚዛን አዲስ አበባን እንመዝን። ቅዳሜ ማታ የጭፈራ ቤት ስፒከር ሥር ቆሞ ጓደኛው ጆሮ ውስጥ የሚጮኸውን እንመዝን። በር ላይ ስፒከር ደርድሮ መንገደኛን የሚያደነቁረውን ሱቅ እንመዝን። ከዚያ ወጥተን ጆሯችን ጭው ሲል «አሪፍ ምሽት ነበር» እንላለን። ያ ጭውታ ግን የምስጋና ደብዳቤ አይደለም፤ ሕዋሳቱ ከአቅማቸው በላይ እንደሠሩ የሚናገሩበት ነው። በማግስቱ ቢጠፋም ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሷል ማለት አይደለም።

ግን ትልቁ ጉዳይ ጭፈራ ቤት አይደለም። ጭፈራ ቤት የሚሄድ ሰው ቢያንስ መርጦ ነው የሚሄደው። የብረታ ብረት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ግራይንደር ይዞ የሚውለውን የ19 ዓመት ልጅ አስቡት። ለዓይኑ ጥቁር መነጽር ሊኖረው ይችላል፤ ጆሮው ግን ባዶ ነው። ወፍጮ ቤት የሚውለውን አስቡት፤ ሕንጻ ግንባታ ላይ ድንጋይ የሚቆርጠውን፣ ጀነሬተር ሥር የሚሠራውን አስቡ። ይህ ልጅ ጆሮውን የሸጠው በቀን ክፍያው ላይ ሳንቲም ሳይጨመርለት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጫጫታን ብክለት አድርጎ ያየዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ከሆኑት የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎች አንዱ ነው። ያልቀረበው ውድ ስለሆነ አይደለም። መስማት ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው። ጣት የቆረጠ ማሽን ደም ያሳያል፤ ጆሮ የቆረጠ ማሽን ግን ምንም አያሳይም።

«በዚህ ሀገር የጆሮ ጩኸት የሚወራበት ጊዜ ነው?»

ይህን የሚጠይቀን እንዳለ እናውቃለን። ወባ እያለ፣ ቲቢ እያለ፣ እናቶች በወሊድ እየሞቱ፣ የጆሮ ጭውታ የቅንጦት በሽታ ይመስላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከላይ ያለውን ዝርዝር መለስ ብላችሁ እዩት። የወባ መድኃኒቱ እዚያ አለ። የቲቢ መርፌው እዚያ አለ። የደም ማነሱ፣ የማጅራት ገትሩ፣ የሕፃናት ጆሮ መመገሉ እዚያ አለ። ጆሮ የሚጮኸው ከድሃ ሀገር በሽታዎች ርቆ ሳይሆን መሃላቸው ቆሞ ነው። ደግሞም ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን ለመከላከል ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ መድኃኒት ሲሰጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስጠንቀቂያ፣ ለሠራተኛ አንድ ጥንድ መድፈኛ፣ ለልጅ የሚመግል ጆሮ በጊዜው ሕክምና።

ሁለተኛው ጥያቄ «መድኃኒት ከሌለው ሐኪም ቤት ሄጄ ምን ላገኝ?» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ጩኸቱን ራሱን የሚያጠፋ የተረጋገጠ ኪኒን እስካሁን የለም፤ አለኝ ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ብራችሁን ያዙ። ግን ምክንያቱ መድኃኒት ሊኖረው ይችላል። ኩክ ይወጣል፣ ኢንፌክሽን ይታከማል፣ የደም ማነስ ይሞላል፣ መድኃኒት ይቀየራል። መስማቱ ለቀነሰ ሰው የመስሚያ መሣሪያ ሲደረግለት አንጎሉ የጎደለበትን ድምፅ ያገኛልና ብዙ ጊዜ ጩኸቱም ይለዝባል። ማታ ፀጥታ ውስጥ ሲብስ በዝግታ የተከፈተ ራዲዮ ወይም የቬንትሌተር ድምፅ ይረዳል። ጩኸቱ ለሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው የምክር ሕክምና ጭንቀቱን እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። «ልመደው» ማለትና እንዴት እንደሚለመድ ማስተማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የሚከለክል እምነት አናውቅም።

አንዳንዱ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። መስማት በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከቀነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚሰጠው ሕክምና የሚሠራው ሳይዘገይ ሲጀመር ነው። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሆን፣ ከልብ ምት ጋር ሲሄድ፣ ከማዞር ጋር ሲመጣ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ሲጀምር፣ ፊት ሲደነዝዝ ወይም ሲጣመም «ይተወኛል» አይባልም። ጩኸቱ ኑሮን አስጠልቶት ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይንገር፣ ሐኪም ዘንድም ይሂድ፤ ይህ ድካም እንጂ ድክመት አይደለም።

ምን እንበል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ፋርማሲስቶች ጆሮ የሚጎዳ መድኃኒት ሲሸጡ «ጆሮህ ከጮኸ ተመለስና ንገረን» ይበሉ። ሐኪሞች «ልመደው» ከማለታቸው በፊት ጆሮውን ውስጡን ይዩት፣ መስማቱንም ያስለኩት። አሠሪዎች ሕግ ያዘዘውን ያቅርቡ፤ ተቆጣጣሪዎችም ከፋይል ወጥተው ግራይንደር ወዳለበት ይሂዱ። የጭፈራ ቤት ባለቤቶች ድምፁን ትንሽ ቀነስ ያድርጉት። እኛ ደግሞ ሄድፎናችንን ከስልሳ በመቶ አናሳልፍ፣ ከስፒከር ፊት ዞር እንበል፣ ጆሯችንን በመሃል እናሳርፈው፣ ክብሪቱን ለክብሪት ሥራ እንተወው።

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ሰው ስለ እሱ የሚወራውን ራሱ አይሰማም ለማለት ነው። ተረቱ ስለ ሐሜት እውነቱን ሳይናገር አልቀረም። ስለ ጤና ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጆሮ ሲጮህ የሚሰማው ባለቤቱ ብቻ ነው። ጎረቤት አይሰማውም፣ አለቃ አይሰማውም፣ ሐኪምም እስኪነገረው ድረስ አይሰማውም። ስለዚህ ባለቤቱ ይናገር። ሲናገር ደግሞ ሌሎቻችን «ማን እያማህ ይሆን?» ብለን ከመሳቅ አልፈን «ከመቼ ጀምሮ? በአንዱ ነው በሁለቱ? ምን እየወሰድክ ነው? የት ነው የምትሠራው?» ብለን እንጠይቀው። አራቱም ጥያቄዎች ነጻ ናቸው። አንዳንዴ የሰውን ጆሮ ያተርፋሉ።